ቁጥር ሰባት በቁሙ አይነሳም

ጀርባችን ካቴድራሉ ነበር። ላጋንን ብዬ አይደለም። ቤታችን የራሱ ሦስት ግድግዳ ብቻ ነበረው፤ አራተኛው የካቴድራሉ የግቢ አጥር ነው። የአባቴ አያት ቤቱን ሲሠሩ ድንጋይ አልቆባቸው ይሁን ሰንፈው እግዜር ይወቅ፣ ብቻ ጣሪያውን አጥሩ ላይ ጣል አድርገው «በቃ» ብለዋል። እናቴ ሲከፋት ፊቷን ወደዚያ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። አባቴ ደግሞ «ከእግዚአብሔር ጋር ግድግዳ የሚጋራ ሰው ጮክ ብሎ አይጣላም» ይላል፣ ጮክ ብሎ እየተጣላ።

አባቴ ጧፍ ሠሪ ነው። ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ሰም ያቀልጣል፣ ክሩን ይነክራል፣ ይሰቅላል፣ እንደገና ይነክራል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሚውለው። ሥራ ሲያበቃ የእንጨት ወንበሩ ላይ ዘፍ ይልና «እግሬ አለቀ!» ይላል። በየቀኑ። እሷን ሳይል ቀኑ መሽቶ አያውቅም። ይቺን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ጣጣ ታመጣለች።

ስለ ካቴድራሉ ምን ልበላችሁ? በኛ ከተማ ቀኝና ግራ የሚል ሰው የለም። «ከካቴድራሉ በላይ»፣ «ከካቴድራሉ ጀርባ»፣ «ጉልላቱን በትከሻህ አድርገህ ውረድ» ነው። ሰዉ በሱ ይምላል፣ በደወሉ ሰዓቱን ያስተካክላል፣ ያልተጣላው እንኳ ደጁ ላይ ሲገናኝ ይታረቃል። ይህ ሁሉ ሰው የሚምልበት ካቴድራል ግን በቅጡ አይታይም ነበር። ሃያ ሁለት ቤቶች እንደ ጫጩት ሥሩ ተወሽቀን ከብበነው፣ ከመንገድ ሲያዩት ጉልላቱና ሁለት መስኮቱ ብቻ ነው ብቅ የሚለው።

ስድስት ዓመቴ ላይ ሰዎች መጡ። አንደኛው ባለ ሦስት እግር መሣሪያ አቁሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው ያያል። ሌላው ረዳቱ ራቅ ብሎ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ይዞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሰዓት ሠሪው ጎረቤታችን፣ የቁጥር ስምንቱ፣ በራችን ላይ ቆሞ ለእናቴ አወራላት።

«ሊያነሱን ነው።»

«ማንን?»

«ሁላችንንም ነዋ። ካንድ እስከ ሃያ ሁለት።»

«ከነቤታችን?»

«ከነቤታችን። ካቴድራሉ እንዲታይ ነው አሉ።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት የሰም ድስት ልደፋ ነበር። ምክንያቱም እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ተነስቼ አላውቅም። አክስቴ አንዴ ስቱዲዮ ሄዳ ተነስታ ነበር፤ ያቺን ፎቶ ይዛ ቤታችን በመጣች ቁጥር «ተነሳሁ እኮ! እዩት እስቲ፣ አልወፈርኩም?» እያለች ታደክመናለች። እኛ እንኳን አንድ ላይ፣ አንድ በአንድም ተነስተን አናውቅም። እና አሁን መሣሪያውን ተሸክመው በራችን ድረስ መጡልን! ያውም ሁላችንንም፣ ያውም ካቴድራሉ ከኋላችን ሆኖ!

እናቴ ያን ቀን አለቀሰች። የምትለብሰው ስላጣች መሰለኝ።

በማግሥቱ በራችን ላይ በቀይ ቀለም «7» ብለው ጻፉ። ሰባት! ሰዓት ሠሪው ስምንት፣ ከኛ በፊት ያሉት ስድስት። መሃል ላይ ነን ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? ያቺን አንዲት ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ፤ በድንገት ቢያነሱንስ ብዬ ለሁለት ሳምንት አላወለቅኳትም። እናቴ ስታጥባት እንኳ እርጥቧን እለብሳታለሁ።

ቀያሹ ግን (ቀያሽ የሚባል ሥራ መኖሩን ያወቅኩት አድጌ ነው) ቀኑን ሙሉ የሚያነሳው ያንን ባለዘንጉን ረዳት ብቻ ነበር። በቀን አርባ ጊዜ! አንድ ሰው፣ አንድ ዘንግ፣ ያው ፊት። አድልዎው አንገበገበኝ። አጠገቡ ሄጄ ጥርሴን ብልጭ አድርጌ ስቆም፣ ቀያሹ ከወዲያ «አንቺ ልጅ፣ ከመስመሩ ውጪ!» ይላል። እወጣለሁ፣ ዞር ሲል እመለሳለሁ።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ቤቶቹን ከሚያነሳው መሥሪያ ቤት የመጣው ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ «የእናንተ ጉዳይ ይታያል! መጀመሪያ ግን ካቴድራሉ ይታይ!» አለ። ሰዉ ስለ ውሃ ሲጠይቀው «ይታያል»፣ ስለ ትምህርት ቤት ሲጠይቀው «ይታያል»። ከዚያ ቀን ወዲያ ስሙ ይታያል ሆኖ ቀረ፤ ሌላ ስም ይኑረው አይኑረው አላውቅም። በመሃል አባቴ ተነስቶ ቆመ።

«ስማኝ ወንድሜ፣ እኔ አራተኛ ትውልድ ጧፍ ሠሪ ነኝ። ጧፍ ገዢ ከዚህ በር ነው የሚወጣው የሚገባው። ከዚህ ወስዳችሁ ጫካ ብትጥሉኝ ማን መጥቶ ይገዛኛል? ዝንጀሮ? ልጄን በምን ላሳድጋት? እኔ በቁሜ አልነሳም! ሰማችሁ? በቁሜ አልነሳም!»

ሰዉ አጨበጨበ። እኔ በሀፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰው ሁሉ ሊነሳ ተዘጋጅቶ የኔ አባት ብቻ እምቢ ይላል! «በቁሜ» ማለት «በሕይወት እያለሁ» ማለት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። እኔ የገባኝ ቆሞ መነሳት እንደማይፈልግ ነው። እውነቱን ነው ደግሞ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ለፎቶም ቁም ሲሉት ቢናደድ ምን ይፈረድበታል? አክስቴም እኮ ስቱዲዮ የተነሳችው ተቀምጣ ነው።

በማግሥቱ አባቴ ሥራ ጨርሶ ጎኑን ሊያሳርፍ ሲጋደም፣ የእንጨት ወንበሩን በራሴ ተሸክሜ ወጣሁ። ከኔ ትበልጣለች ወንበሯ። ቀያሹና ይታያል ከመሣሪያው አጠገብ ቆመው ወረቀት ያያሉ።

«ጋሼ፣ እኛን መቼ ነው የምታነሱን?»

ይታያል ተገርሞ አየኝ። «ቸኩለሻል እንዴ?»

«እኔማ ቸኩያለሁ። አባዬ ነው። በቁሙ አይነሳም።»

«እሱንማ ሰምተናል።»

«ተቀምጦ ግን ይነሳል» አልኩና ወንበሯን ፊቱ አስቀመጥኩለት።

ይታያል ወንበሯን አየ። ቀያሹን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዴ... መቆም አይችልም እንዴ? ትናንት ቆሞ አልነበረም?»

«ትንሽ ከቆመ በኋላማ እግሬ አለቀ ይላል። በየቀኑ።»

«እግሩ አልቋል?»

«አዎ።»

«የትኛው?»

እዚህ ላይ ትንሽ አሰብኩ። መዋሸት አልፈለግሁም። «ሁለቱም» አልኩ።

ይታያል ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። «ምስኪን፣ ትናንት እንዴት እንደቆመ እግዜር ይወቅ» እያለ ነው የሚጽፈው። እኔ ደግሞ ወንበሬን ተሸክሜ ነገር እንዳሳካ ሰው እየተጎማለልኩ ገባሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሌ ወጥታ ሄደች።

ከወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። እናቴ ቆማ አነበበችው፣ አባቴ ቆሞ ሰማ። «በደረሰን መረጃ መሠረት የቁጥር ሰባት አባወራ ሁለቱም እግራቸው ያለቀ በመሆኑ በቁማቸው መነሳት እንደማይችሉ፣ ተቀምጠው ለመነሳት ግን ፈቃደኛ እንደሆኑ ታውቋል። ጉዳያቸው ለብቻው እስኪታይ ድረስ ባሉበት ይቆዩ።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አየ። «ማነው እግሬን የጨረሰው?»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል» አለች እናቴ።

«ሁለቱንም ነው የሚለው?»

«ሁለቱንም።»

«ጉድ እኮ ነው! አሁኑኑ እሄድና...»

«በምንህ ትሄዳለህ?»

እናቴ ደብዳቤውን ሁለት ቦታ አጠፈችው፣ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው፣ ወንበሩን ከጀርባው አመጣችለት።

«ተቀመጥ።»

«ምን?»

«ተቀመጥ ነው የምልህ፣ አንተ ሰውዬ!»

ተቀመጠ። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ የእናቴን ዓይን ሳይ ዋጥኩት።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ። እኔ ያቦካሁት ዓመት ከሁለት ወር አኖረን። ፋይላችንን አንዱ ቢሮ «እግርን የሚመለከት ስለሆነ ለሚመለከተው» ብሎ ይልከዋል፤ የሚመለከተው ደግሞ «ቤትን የሚመለከት ስለሆነ» ብሎ ይመልሰዋል። በዚህ መሃል ከአንድ እስከ ስድስት ያሉት ተነሱ። ሰዓት ሠሪው ተነሳ። እስከ ሃያ ሁለት ሁሉም ተነሱ፣ ቤቶቹም ፈረሱ። እኔ ከፊት ያሉት ዞር የሚሉት እኛ እንድንታይ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩ። ዛሬ ሳስበው፣ በመጨረሻው ገደማ ገብቶኝ ነበር። እንዲገባኝ ስላልፈለግሁ ነው።

አባቴ ሰው ባለበት ሁሉ ተቀምጦ ይውላል። ሰሙን ተቀምጦ ያቀልጣል፣ ክሩን ተቀምጦ ይነክራል። በር ሲዘጋ ብቻ ተነስቶ እንደ እስረኛ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ለፎቶው እየተለማመደ ነበር የሚመስለኝ። ጠዋት ጠዋት ፀጉሩን አበጥርለታለሁ፣ አንገቱን ቀና አደርግለታለሁ። ዝም ይለኛል።

ምእመናን ግን አዘኑለት። «ያ ቁመናው! እንዲህ ሆኖ ይቅር?» እያሉ ጧፍ አብልጠው ይገዙታል፤ ያንኑ ጧፍ ገብተው ለእግሩ ያበሩለታል። አባቴ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጣ። «ደህናውን እግሬን እያስጸለይኩበት ነው፤ ያውም በራሴ ጧፍ» ይላታል እናቴን። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። በተለይ አንዲት አሮጊት ደንበኛችን ነበሩ፤ ከደጅ ሲገቡ ጉልበቱን ዳበስ አድርገው፣ ሲወጡ ዳበስ አድርገው ነው የሚሄዱት።

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰዉ ከካቴድራሉ ግልብጥ ብሎ ሲወጣ፣ አባቴ በሩ ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ጉልበቱን እየዳበሱ ነው። ከውስጥ የሰሙ ድስት ቦግ አለ። እኔ ድስቱ አጠገብ ነበርኩ፤ ጮኽኩ።

አባቴ ብድግ አለ። ብድግ ብቻ አይደለም፣ አሮጊቷን ዘሎ፣ ክዳኑን እግረ መንገዱን አንስቶ፣ ድስቱን ከድኖ፣ እኔን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ውጪ አቆመኝ። እሳቱ ጠፋ። የአሮጊቷ ጩኸት ግን ያኔ ተጀመረ።

«ተነሳ! ተነሳ! ኧረ ጧፍ ሠሪው ተነሳ!»

አደባባዩ በሙሉ ተቀበላቸው። «ተነሳ! ተነሳ!»

እኔ ያን ስሰማ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ አለቀስኩ። ዓመት ከሁለት ወር ጠብቄ፣ ፀጉሩን አበጥሬ፣ ወንበር ተሸክሜ፣ «ያለኔ ተነሳ! አባዬ ያለኔ ተነሳ!» ሰዉ አቅፎ ይስመኛል፣ «አይዞሽ፣ የደስታ ነው» ይለኛል።

ደወሉ ተደወለ። ሰው ቤታችንን አጥለቀለቀው። ከተነሳ ዓመት ያለፈው ሰዓት ሠሪው እንኳ ሰምቶ በአውቶቡስ መጣና በአባቴ ጆሮ አንሾካሾከ።

«ስማ፣ አሁን ድነሃል። ተአምር የተደረገበትን ቤት ማን ይነካል? አለቃው መጥተው ሲጠይቁህ አዎ ማለት ብቻ ነው። አንዲት ቃል! ዕድሜ ልክህን እዚችው ትኖራለህ።»

የካቴድራሉ አለቃ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አባቴ ወንበሩን ለቀቀላቸውና ፊታቸው ቆመ። እናቴ ከኋላው ሸሚዙን ጨብጣ ይዛለች።

«ልጄ፣ ሕዝቡ እንዲህ ይላል። አንተ ንገረኝ። እግርህ ታሞ ነበር?»

አባቴ እናቴን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ያንን አራተኛውን ግድግዳ አየ፣ ቆይቶ ቆይቶ አየው።

«አባቴ፣ እግሬ አለቀ ያልኩት ደክሞኝ ነው።»

«እንዴት?»

«ቆሜ ስለምውል። ይደክመኛል። ሌላ የለም። ሌላው ሁሉ ውሸት ነው፣ ይፍቱኝ።»

የእናቴ እጅ ከሸሚዙ ላይ ወደቀ። የአለቃው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየሳቁ ነው። «እኔም እኮ ደክሞኛል ልጄ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ግን ማንም ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ አላስቀመጠኝም።» ፈቱት፣ የኔንም ራስ ዳበስ አድርገው ሄዱ።

አለቃው እውነቱን ለሕዝቡ ተናገሩ። አንድም ሰው አላመናቸውም። «አይ ትሕትና!» አለ ሰዉ፤ «ተአምሩን ደብቅ ተብሎ በሕልሙ ታዝዞ ነው።» መሥሪያ ቤቱ ግን ወዲያው አመነ። በሳምንቱ ይታያል አራት ሠራተኞችና አንድ የጭነት መኪና ይዞ ከች አለ።

«ጉዳይዎ ታየ» አለው አባቴን። በሥራው ዘመን የታየ ጉዳይ ያ ብቻ ይመስለኛል፤ ደስ ብሎታል።

እናቴ ዕቃውን ጫነች። ድስቱን ግን እምቢ አለች፣ በእቅፏ ያዘችው። አባቴ ወንበሩን ከቤት አወጣና በሩ ላይ፣ «7» ከተጻፈበት ሥር፣ አስቀምጦ ተቀመጠበት።

«በቁሜ አልነሳም ብያለሁ። ቃል ቃል ነው።»

ይታያል ደብተሩን ገለጠ፣ ገለጠ። «እርግጥ ነው» አለ። «ቃለ ጉባኤው ላይ ተቀምጠው ለመነሳት ፈቃደኛ ናቸው ይላል። አንሱት እስቲ፣ ከነወንበሩ።»

አራቱ ሠራተኞች አራቱን እግር ይዘው አባቴን ከነወንበሩ አነሱት። በዚህ መሃል አንድ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ የጋዜጣ ሰው እያለከለከ ደረሰ። የመጣው ለተአምሩ ነው።

«ቆዩ! ቆዩ! እዚያው ያዙልኝ፣ ላንሳቸው!»

«አንስተናቸዋል እኮ!» አለ አንዱ ሠራተኛ፣ ላብ እያጠመቀው።

«እኔም ላንሳቸው ነው የምለው!»

«አራት ሆነን እያቃተን አንተ ብቻህን ታነሳለህ?»

አባቴ ከላይ ሆኖ ሳቀ። ያን ቀን ይስቃል ብዬ አልጠበቅኩም። እኔ በሰዉ እግር መሃል ሾልኬ፣ በዚያች ጉልበቴ ላይ በደረሰች ነጭ ቀሚሴ ፊት ለፊት ደርሼ ቆምኩ። ካሜራው ቀጭ አለ።

ፎቶው ዛሬም አለ። አባቴ አየር ላይ ተቀምጦ ይስቃል። እናቴ ድስቷን ታቅፋ ካሜራውን ሳይሆን ግድግዳውን ታያለች። እኔ ሁለት የፊት ጥርሴ የለም፣ ያሉትን በሙሉ አሳይቻለሁ። ከኋላችን ካቴድራሉ ከእግሩ እስከ ጉልላቱ ወለል ብሎ ይታያል። ያምራል፤ ምን ላድርግ፣ ያምራል። ጋዜጣው ከሥሩ «እግራቸው የተመለሰላቸው ጧፍ ሠሪ፣ ምእመናን በደስታ ተሸክመዋቸው» ብሎ ጽፏል። አንድ ላይ የተነሳነው ያን ቀን ብቻ ነው።

አዲሱ ቤታችን አራት ግድግዳ አለው። ከዚያ ጉልላቱ አይታይም፤ መጀመሪያ ሰሞን እናቴ ስትወጣ የት እንዳለች እየጠፋት ትመለስ ነበር። አባቴ ጧፉን ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ እየወሰደ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ፣ ድሮ ቤታችን የነበረበት አደባባይ ላይ ቆሞ ሸጠ። ሃያ ስምንት ዓመት። ማታ ሲመለስ ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል፣ ያቺን ቃል ግን ዳግመኛ ከአፉ አልሰማኋትም።

ባለፈው ዓመት እግሩ የምር እምቢ አለው። አልጋው ጫፍ ተቀምጬ እግሩን ሳሽለት፣ ሠላሳ ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የቆመውን ነገርኩት።

«አባዬ፣ ያኔ እግሩ አልቋል ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ፎቶ የሚያነሱን መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ወንበሬን በራስሽ ተሸክመሽ ስትወጪ በመስኮት አይቼሻለሁ። ያቺን ነጭ ቀሚስሽን ለብሰሽ። ይቺ ልጅ አንድ ጉድ ልታፈላ ነው ብያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልመለስከኝም?»

ድሮ ወንበሩ ላይ ዘፍ ሲል እንደሚያደርገው ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

«ተነስቼ ልመልስሽ ነበር፣ እናቴ፤ ግን እግሬ አልቆ ነበር።»